ከዝርያ ምርጫ የሚመጡ ጣጣዎች፦ ችግርና መፍትሄ ለጀማሪ የጓሮ ዶሮ አርቢዎች

ለመጀመሪያ ጊዜ ዶሮ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመልክ ይመርጣል። ላባዋ ያማረውን ወይም ሻጩ ያሞገሳትን ይዞ ይመጣል። ከወራት በኋላ ነገሩ እንዳሰበው አልሆን ሲል መኖ ይቀይራል፣ መድኃኒት ይፈልጋል። እኔ ግን ከሁሉም በፊት "ዝርያዋ ምንድን ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። የብዙው ጣጣ መልስ እዚያ ነው ያለው።

አምስት ወር አለፋት፣ እንቁላል የለም

ሌግሆርንና ለእንቁላል የተዳቀሉ ቡናማ ዶሮዎች ከ18 እስከ 20 ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው መጣል ይጀምራሉ። እንደ ብራህማና ኦርፒንግተን ያሉት ከባድ ዝርያዎች ግን ስድስት ሰባት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስድባቸዋል። የያዛችኋት ከባድ ዝርያ ከሆነች ታገሷት። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ አድጎ ከደመቀ፣ ጀርባዋን ስትነኳትም ክንፏን ከፈት አድርጋ ቁጢጥ ካለች ቀኗ ተቃርቧል። የእንቁላል ጣይ መኖም ያኔ ይጀመርላት። ካልሲየሙ ብዙ ስለሆነ ለጫጩት ኩላሊት ጥሩ አይደለም።

ጊዜዋ አልፎም ዝም ካለች ብርሃኑን እዩ። በደንብ እንድትጥል በቀን 14 ሰዓት ያህል ብርሃን ያስፈልጋታል።

እንቁላል መጣያ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጣ አልነሳም አለች

ብዙ ጀማሪ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። በደንብ ስትጥል የከረመች ዶሮ በድንገት ታቆማለች። እጃችሁን ስታስገቡ ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች፣ ትነቁራለች። በቀን አንዴ ያህል ብቅ ብላ ቶሎ ቶሎ ትበላና ትመለሳለች። ኩሷ ከወትሮው ትልቅ ነው፤ ሽታውም አያድርስ። ሆዷን ብታዩት ላባው ተነቅሏል።

አልታመመችም። መታቀፍ ፈልጋ ነው። ሲልኪ፣ ኮቺንና ኦርፒንግተን በዚህ የታወቁ ናቸው።

ጫጩት ከፈለጋችሁ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ከአውራ ዶሮ ጋር ከምትውል ዶሮ የተገኘ እንቁላል አስታቅፏት፤ በ21 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ካልፈለጋችሁ እንቁላሉን በየቀኑ አንሱ። እሷን ደግሞ ወለሉ ሽቦ የሆነና ከመሬት ከፍ ያለ ኬጅ ውስጥ፣ ጭድ ሳታነጥፉ፣ ከነውሃዋና ከነመኖዋ አስቀምጧት። ከሥሯ አየር ሲገባ ሆዷ ይቀዘቅዛል። አብዛኞቹ በጥቂት ቀናት ይተዋቸዋል። ዛሬ ነገ አትበሉ፤ በቆየች ቁጥር ማስተዋት ይከብዳል።

ፍላጎታችሁ እንቁላል ብቻ ከሆነ ግን ከመነሻው ሌግሆርን ወይም ድቅል ያዙ። እነሱን መታቀፍ እምብዛም አያምራቸውም።

አጥር እየዘለለች አስቸገረች

ሌግሆርን እንቁላሏ ብዙ ነው፤ ግን ቀላልና ድንጉጥ ናት፣ ትበራለች። ከላይ መረብ ዘርጉ፤ ወይም የአንድ ክንፏን ረጃጅም ላባዎች ቁረጡ። አንዱን ብቻ ነው፤ ሚዛኗን የሚያስታት እሱ ነው። ላባ ስትቀይር መልሶ ይበቅላል። ገና በማደግ ላይ ያለ፣ ሥሩ ደም የያዘ ላባ ግን አትንኩ። ልጆች ላሉበት ቤት ረጋ ያሉት ሰሴክስና ኦርፒንግተን ይሻላሉ።

አንዷን እየነቆሩ አቆሰሏት

ጥበት ያመጣዋል፣ ዝርያ ማደባለቅም እንዲሁ። ፖሊሽ የሚባለው ዝርያ የአናቱ ላባ ዓይኑን ስለሚሸፍነው ከየት እንደተነቆረ እንኳ አያይም። ሲልኪ ደግሞ ትንሽና ለስላሳ ናት፤ ላባዋ ዝናብ አይመክትም፣ መብረርም አትችልም። እነዚህን ከኃይለኛው ሮድ አይላንድ ሬድ ጋር አንድ ላይ ማጎር ግፍ ነው።

የደማችውን ወዲያው ለዩ፤ ዶሮ ቀይ ነገር ካየች መንቆሯን አትተውም። ቁስሉ ሲድን መመገቢያውን ሁለት ሦስት ቦታ አድርጉ፣ ቦታም አስፉላቸው። ካልሆነ የዋሆቹን ለብቻ አኑሯቸው።

በሁለት ወሯ መቆም አቃታት

የሥጋ ዶሮ ገዝታችሁ ይሆናል። ኮርኒሽ ክሮስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ለእርድ እንዲደርስ የተዳቀለ ነው። ከዚያ በላይ ሲቆይ እግሩ ክብደቱን መሸከም ያቅተዋል፣ ልቡም ይደክማል። ለእንቁላል ብላችሁ አታቆዩት፤ በጊዜው ይታረድ። ሥጋም እንቁላልም ከፈለጋችሁ ፕሊማውዝ ሮክ ወይም ሰሴክስ ያዙ።