የአኳሪየም ውሃ ለጎመንና ለቃሪያ

አዳማ ውስጥ በባልዲ ጎመን ወይም ቃሪያ የተከላችሁ፣ ከአኳሪየም (ከቤት የዓሣ ገንዳ) የምትቀይሩትን ውሃ አትድፉት። የዓሣውን ኩስና የተረፈውን ምግብ ባክቴሪያ ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል፤ ቅጠል የሚያለመልመው እሱ ነው። ከ60 ሊትር ገንዳ 15 ሊትር ያህል በቀጭን ጎማ ከጠጠሩ ላይ ቅዱ፤ ደለል ያለበት ድፍርሱ ይሻላል። ጎማውን በአፍ አትሳቡ፣ ውሃ ሞልታችሁ ጀምሩት። ፀሐይ ሲበርድ አፈሩ ላይ ብቻ አፍስሱ። ጀርም ስለማያጣው ሰላጣን ለመሰለ ጥሬ ለሚበላ ቅጠል አልመክርም።

ጨው ወይም የዓሣ መድኃኒት የገባበትን ግን ለምግብ ተክል በፍጹም! በተለይ መዳብ ያለበትን፤ አፈር ውስጥ ይቀራል። ለአኳሪየም ተክሎች «ፈሳሽ ካርቦን» ተብሎ የሚሸጠውም ብዙውን ጊዜ ግሉታራልዴሃይድ የተባለ ጀርም ገዳይ ስለሆነ እንደ ማዳበሪያ አትቁጠሩት።