ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ የወተት መክሰስ እንዴት ይመረጣል? ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው

ቱርክ ወይም ህንድ ሄዶ፣ አለዚያም አዲስ አበባ ላይ ጨጓራውን አሳንሶ ወደ ድሬዳዋ የሚመለስ ሰው አንድ የምግብ ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ዝርዝሩ ላይ «የግሪክ እርጎ»፣ «ኮቴጅ አይብ»፣ «ሞዛሬላ» የሚሉ ስሞች ተደርድረዋል። ይህን ይዞ ከፊራ ገበያ የገባ ሰው ወይ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ወይ ከውጭ የመጣ ውድ ቆርቆሮ ይገዛል። ሁለቱም አያስፈልጉም። ለዚህ ቀዶ ሕክምና ከሚስማሙት የወተት ምግቦች ዋነኞቹ፣ አይብና አጓቱ የተንጠፈጠፈ እርጎ፣ ከእናቶቻችን ጓዳ ጠፍተው አያውቁም። ሰው ቅቤውን እየፈራ ስኳሩን ይረሳል እንጂ ገበያው አልጎደለም።

መጀመሪያ የት ደረጃ ላይ እንዳሉ ይወቁ

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምግብ የሚመለሰው ቀስ በቀስ ነው። በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሳምንታት የፈሳሽ ናቸው፤ ቀጥሎ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ ይገባል። ወደ ተለመደው ማዕድ የሚደረሰው ሁለት ወር ገደማ ሲሞላ ነው። የወተት ምግቦችም በዚሁ ተራ ይሄዳሉ፦ በፈሳሹ ጊዜ ስቡ የወጣለት የተፈላ ወተትና በውሃ የቀጠነ እርጎ፣ ቀጥሎ አጓቱ የተንጠፈጠፈ እርጎ፣ ከዚያ በእርጎ የራሰ አይብ፣ በመጨረሻ ጠንካራው የፈረንጅ አይብ። ሐኪምዎ ሌላ ቀን ቆርጦልዎ ከሆነ የእሱን ይያዙ።

የቀዶ ሕክምናው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ስሊቭ የሚባለው ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨጓራ ቆርጦ ያወጣል፤ አንጀቱን አይነካም። ባይፓስ ግን እንቁላል የምታክል ከረጢት ብቻ ትቶ፣ ምግቡ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ዘሎ እንዲያልፍ ያደርጋል። የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የሚፈጨው ኢንዛይም ያለው በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ወተት ሲጠጣ ምንም ያልሆነ ሰው ከባይፓስ በኋላ ሆዱ ሊነፋና ሊያስቀምጠው ይችላል። እንዲህ ከሆነ ወተቱን ትተው እርጎና አይብ ይሞክሩ። በእርጎ ውስጥ ባክቴሪያው የላክቶሱን ከፊል አስቀድሞ በልቶታል፤ ከአይብ ደግሞ አብዛኛው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ይወጣል።

ፕሮቲኑን ይቁጠሩ

ብዙውን ጊዜ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ይታዘዛል። ሆድ በጥቂት ማንኪያ በሚሞላበት ጊዜ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም፤ መክሰስ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። አንድ ብርጭቆ የላም ወተት 8 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ነገር ግን 12 ግራም ያህል የራሱን ስኳርም ይዟል። 100 ግራም አይብ እንደ አሠራሩ 14 ግራም አካባቢ ፕሮቲን ይሰጣል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ አይብ ማለት እንግዲህ 6 ወይም 7 ግራም ነው፤ ለትንሽ ሆድ ከዚህ የተሻለ ሒሳብ ማግኘት ያስቸግራል። ቅቤ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ አይቡ ላይ ለጋ ቅቤ ማፍሰስ መክሰሱን ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል።

የግመል ወተት ሁልጊዜ ይጠየቃል። ለሆድ መድኃኒት ነው፣ ስኳር የለውም ይባላል። ላክቶሱ ከላም ወተት ብዙም አይርቅም፤ ፕሮቲኑም ተቀራራቢ ነው። ጠጥሮ ስለማይረጋም ለማንጠፍጠፍ አይመችም። ጣዕሙን የለመደ ሰው አፍልቶ በትንሹ ይጠጣው። ከተፈላ ኃይሉ ይጠፋል የሚሉትን ግን አልስማማቸውም፤ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሊያስተላልፍ ይችላል፣ ዕቃው በወይራ መታጠኑም ይህን አያስቀርም።

ስኳሩን ፈልገው ያግኙት

ከባይፓስ በኋላ፣ አንዳንዴ ከስሊቭም በኋላ፣ ብዙ ስኳር በአንድ ጊዜ ወደ አንጀት ሲወርድ ዳምፒንግ የሚባለው ይመጣል፦ ልብ መምታት፣ ማላብ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ። ከበሉ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ የደም ስኳር ወርዶ የሚያንቀጠቅጥበትም ጊዜ አለ።

እንግዲህ የድሬዳዋን ጎዳና በዚህ ዓይን ይመልከቱ። ሻይ በወተቱ ገና ከማንቆርቆሪያው ስኳር ጠጥቶ ይቀርባል። አይስክሬሙ በዚያ ሙቀት የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ሳያኝኩት ስለሚወርድ ሆድ ሳይጠግብ ብዙ ይበላል። አቮካዶ በወተት ተብሎ የሚቀርበው ጭማቂም ስኳር ተጨምሮበት ነው። ሐረር ላይ ከቡና ገለባና ከወተት የሚፈላውን ሆጃ የሚወድ ሰው ቤቱ ያለ ስኳር ቢያፈላው ይሻለዋል።

ለታሸገ እርጎ ደግሞ ጀርባውን ያንብቡ። ምንም ያልተጨመረበት እርጎ በ100 ግራም 4 ወይም 5 ግራም ስኳር ያሳያል፤ ይህ የወተቱ የራሱ ነው። ቁጥሩ ከ10 ካለፈ ስኳር ተጨምሮበታል፤ ከፊት ለፊት የተሳለው እንጆሪ አያታልልዎ። በወረቀት የተጠቀለለው ባለ ሦስት ማዕዘን አይብ ለመንገድ ይመቻል፤ ፕሮቲኑ ግን ትንሽ ስለሆነ በእሱ ብቻ አይመኩ።

እርጎውንና አይቡን ቤት ይሥሩት

ከገበያ የሚመጣው አይብ ብዙ ጊዜ ከጥሬ ወተት ከወጣ አሬራ የተሠራ ነው። አሬራው የሚሞቀው እስኪቋጥር ድረስ ብቻ ስለሆነ ጀርሙ ሁሉ ሞቷል ማለት አይቻልም። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቤት መሥራት ይሻላል።

ለእርጎው ወተቱን ገንፍሎ እስኪወጣ ያፍሉትና እሳቱን ቀንሰው እያማሰሉ ጥቂት ያቆዩት። ሲቀዘቅዝ የሚንሳፈፈውን ስልባቦት ያንሱት። ጣት ሲነከርበት ለብ ያለ ሲሆን ሁለት ማንኪያ ንጹሕና ስኳር የሌለው እርጎ ጨምረው ይክደኑት። ድሬዳዋ ላይ አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ ሐረር ከፍ ያለና ቀዝቀዝ ያለ አገር ስለሆነ በጨርቅ ጠቅልለው ያሳድሩት። ከዚያ ታጥቦ በፈላ ውሃ የተነከረ ስስ ጨርቅ በወንፊት ላይ ዘርግተው እርጎውን ያፍስሱበት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥም ያኑሩት። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ግማሽ ያህሉ አጓት ሆኖ ሲወርድ፣ የቀረው በማንኪያ የሚቆም፣ ፕሮቲኑ እጥፍ ገደማ የሆነ እርጎ ነው። ዝርዝሩ ላይ «የግሪክ» የተባለው ይኸው ነው።

ለአይቡ የተፈላውን ወተት ከእሳት ሳይወርድ በሎሚ ጭማቂ ይቋጥሩትና አጓቱን ያጥልሉት። በዚህ መንገድ ቅቤው ስለማይወጣ፣ ስቡ የወጣለት ወተት ካገኙ እሱን ይጠቀሙ። ድርቅ ያለ አይብ ጉሮሮ ላይ ይቆማል፤ በአንድ ማንኪያ እርጎ ያርሱት። ሚጥሚጣው ይቆይ፤ ጤና አዳምና ትንሽ ጨው ይበቃሉ።

አበላሉ

በቡና ሲኒ ይለኩ፤ ከአንድ ሲኒ በላይ አያቅርቡ። በሻይ ማንኪያ፣ ከ20 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ይብሉ፤ ደረት ላይ ጫን ሲልዎ ሲኒው ባያልቅም ያቁሙ። ውሃ ከመክሰሱ ጋር አይጠጡ፤ ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። መክሰሱ ሰዓት ይኑረው፣ ቀኑን ሙሉ እየቆነጠሩ መዋል ክብደቱን ይመልሰዋል። ፈሳሽ እንኳ አልረጋ ብሎ የሚያስታውክዎ ከሆነ ግን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጫት በሚቃምበት ከተማ አንድ ነገር መባል አለበት። ጫት ረሃብን ይዘጋል፤ ቃሚ መክሰሱን ዘልሎ በለስላሳ መጠጥና በጣፋጭ ሻይ ያመሻል። ለዚህ ሆድ ሁለቱም ክልክል ናቸው።

ክኒኑና ጾሙ

ካልሲየም የአይረንን መመጠጥ ስለሚያውክ፣ የአይረን ክኒኑን ከወተት መክሰሱም ከካልሲየም ክኒኑም በሁለት ሰዓት ያራርቁ። በአሲድ የተቋጠረ አይብ ከካልሲየሙ ከፊሉን ለአጓቱ ይሰጣል፤ አይብ በላሁ ብለው የታዘዘልዎትን ካልሲየም አይተዉ።

ኦርቶዶክስ የሆነ ሰው ከጾም በፊት የንስሐ አባቱንም ሐኪሙንም ያማክር። በጾም ቀን የወተቱን ቦታ ስኳር የሌለው የአኩሪ አተር ወተት በፕሮቲን ሊተካ ይችላል፤ ካልሲየም ግን የሚኖረው ከተጨመረበት ብቻ ነው። በረመዳን ትልቁ ችግር ውሃ ነው፤ ትንሽ ጨጓራ የቀኑን ውሃ በጥቂት ሰዓት መቀበል አይችልም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት መጾምን ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አይጀምሩ። ከተፈቀደልዎ ለአፍጥር በጥቂት ጉንጭ ውሃ ይክፈቱ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው የተንጠፈጠፈውን እርጎ በማንኪያ ይብሉ። ተምሩ አንድ ይበቃል፣ ሳንቡሳው ለሌላው ይለፍ።