ከጀርባ የሚሠሩ ሥራዎችን ሲያስተዳድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የሂሳብ ሠራተኛ የወሩን የክፍያ መጠየቂያዎች ለደንበኞች የሚልከውን ቁልፍ ሲጫን፣ ሶፍትዌሩ 500 ሰነድ አዘጋጅቶ እስኪጨርስ ድረስ ገጹ ላይ አፍጥጦ መጠበቅ የለበትም። «ጥያቄዎ ተመዝግቧል» የሚል መልእክት ያያል፤ ሥራው ወረፋ ውስጥ ይገባል፤ ወርከር የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ከወረፋው እያነሣ ይፈጽመዋል። የደመወዝ ስሌት፣ የሌሊት ሪፖርት፣ ከባንክ መግለጫ ጋር የሚደረግ ማስታረቅ፣ የክምችት ማስተካከያና የማስታወሻ ኢሜይል በብዛት የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ተጠቃሚው ፊት የሚፈጠር ስህተት በቀይ ተጽፎ ስለሚወጣ በደቂቃ ውስጥ ስልክ ያስደውላል። ከጀርባ የሚፈጠር ስህተት ግን የሚያየው ሰው ስለሌለ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ተደብቆ ይቆያል፤ ሲታወቅም ገንዘብ ከጠፋ ወይም ደንበኛ ከተቀየመ በኋላ ይሆናል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ልዩነት ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

ሥራው አንድ ጊዜ ብቻ ይፈጸማል ብሎ ማመን

ከሁሉም የከፋው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመለከተዋለሁ። ከላይ ያነሣነውን 500 የክፍያ መጠየቂያ እንውሰድ። ወርከሩ 312ኛውን ልኮ 313ኛውን ሊጀምር ሲል ሰርቨሩ ወደቀ እንበል። ወረፋው የሚያውቀው ሥራው እንደተወሰደና «ተጠናቋል» የሚል ምላሽ እንዳልመጣ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለሌላ ወርከር ይሰጠዋል፤ ያ ወርከርም ከ1 ይጀምራል። 312 ደንበኞች ያንኑ ሰነድ ለሁለተኛ ጊዜ ይቀበላሉ። የሂሳብ ክፍሉ ይህን የሚያውቀው «ስንት ጊዜ ነው የምከፍለው?» የሚል ደንበኛ ሲደውል ነው።

ይህ የወረፋው ጉድለት አይደለም። ወርከር ሥራውን ከጨረሰ በኋላ፣ መጨረሱን ሳያሳውቅ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ወረፋው ሥራ ከሚጠፋና ሥራ ከሚደገም አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ አብዛኞቹም መደገሙን ይመርጣሉ። ኤስኪውኤስ የሚባለው የአማዞን የወረፋ አገልግሎት በስታንዳርድ ወረፋው በይፋ ቃል የሚገባው መልእክቱ «ቢያንስ አንድ ጊዜ» እንደሚደርስ ነው። በዚሁ አገልግሎት፣ አንድ ወርከር ያነሣው መልእክት ከሌሎች የሚሰወርበት ጊዜ ካልተቀየረ በስተቀር 30 ሰከንድ ነው፤ ሥራው 40 ሰከንድ ከፈጀ፣ ማንም ሳይወድቅና ምንም ሳይበላሽ፣ ሁለተኛ ወርከር ያንኑ ሥራ ሊያነሣው ይችላል። ሴለሪ የሚባለው የወረፋ ሥራ ማስፈጸሚያ ሬዲስ ከሚባለው የዳታ ማከማቻ ጋር ሲሠራ ይህ ጊዜ ካልተቀየረ በስተቀር 1 ሰዓት ስለሆነ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ እንዲፈጸም የተቀጠረ ሥራ ለተለያዩ ወርከሮች ደጋግሞ ሊታደል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ መደረግ ያለበት የእያንዳንዱን ሥራ ረጅሙን የቆይታ ጊዜ ለክቶ የመሰወሪያውን ጊዜ ከዚያ በላይ ማድረግ ነው።

እሱ ግን ድግግሞሹን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። እውነተኛው መፍትሔ ሥራውን ቢደገምም ውጤቱ እንዳይለወጥ አድርጎ መጻፍ ነው። 500ውን በአንድ ሥራ ውስጥ ከማጨቅ ይልቅ ለእያንዳንዱ መጠየቂያ አንድ ትንሽ ሥራ ቢፈጠር፣ ውድቀቱ የሚነካው አንዱን ብቻ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ድርጊትም የራሱ የሆነ ቁልፍ፣ ለምሳሌ የደንበኛውን ቁጥር ከወሩ ጋር አጣምሮ፣ መስጠትና ያንን ቁልፍ ዳታቤዙ ራሱ ሁለተኛ ጊዜ እንዳይቀበል ማሰር ያስፈልጋል። ብዙ ፕሮግራመሮች «ተልኳል ወይስ አልተላከም?» ብለው በኮድ ይጠይቁና ካልተላከ ይልካሉ። ይህ አይበቃም፤ ሁለት ወርከሮች በአንድ ቅጽበት ቢጠይቁ ሁለቱም «አልተላከም» የሚል መልስ ያገኛሉና። ሥራው ገንዘብ የሚያስተላልፍ ከሆነ፣ ቁልፉን ለክፍያ አገልግሎቱም አብሮ መላክ ይገባል፤ የታወቁት አገልግሎቶች በአንድ ቁልፍ ሁለት ጊዜ የመጣን ጥያቄ እንደ አንድ ይቆጥሩታል። ኢሜይልን በተመለከተ፣ በመላኩና መላኩን በመመዝገቡ መካከል ያለችው ትንሽ ክፍተት ሙሉ በሙሉ አትዘጋም፤ እዚያ ላይ ሁለት ጊዜ መድረሱና ጭራሹኑ አለመድረሱ ከሁለቱ የትኛው እንደሚጎዳ መወሰን ያለበት ፕሮግራመሩ ብቻውን ሳይሆን የሥራው ባለቤት የሆነው ክፍል ጭምር ነው።

ዳታው ሳይጸድቅ ሥራውን ወረፋ ውስጥ መክተት

ሽያጩ ይመዘገባል፣ «ማረጋገጫ ላክ» የሚለው ሥራ ወረፋ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ትራንዛክሽኑ (በአንድነት የሚጸድቀው ወይም የሚሰረዘው የዳታቤዝ ለውጥ) ይጸድቃል። ቅደም ተከተሉ ሲታይ ምንም ችግር ያለበት አይመስልም፤ ነገር ግን ሥራ ፈትቶ የሚጠብቅ ወርከር በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ሥራውን አንሥቶ ያንን ሽያጭ ዳታቤዝ ውስጥ ሲፈልግ ገና ስላልጸደቀ አያገኘውም። በፕሮግራመሩ ኮምፒውተር ላይ ሁልጊዜ ይሠራል፤ እውነተኛው ሰርቨር ላይ ግን አልፎ አልፎ «ሽያጩ አልተገኘም» የሚል ስህተት ይወጣል፤ ሰው ገብቶ ሲያየው ሽያጩ በቦታው አለ። ትራንዛክሽኑ ከተሰረዘ ደግሞ ይብሳል፤ ላልተፈጸመ ሽያጭ ማረጋገጫ ይላካል።

የድር ሶፍትዌር መሥሪያዎቹ ጃንጎም ሆነ ላራቬል ሥራው ከጸደቀ በኋላ ብቻ ወረፋ ውስጥ እንዲገባ የሚያደርግ መንገድ አላቸው፤ በእሱ መጠቀም ልማድ መሆን አለበት። ይሁንና ከጸደቀ በኋላ ወረፋው ራሱ የማይደረስበት ሆኖ ቢገኝ፣ ሽያጩ ተመዝግቦ ሥራው ይጠፋል። መጥፋቱ የማይፈቀድ ሥራ ከሆነ፣ ሥራውን ከሽያጩ ጋር በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ በዚያው ዳታቤዝ ባለ ሠንጠረዥ ላይ መመዝገብና ሌላ ፕሮግራም ከዚያ እያነሣ ወደ ወረፋው እንዲያሻግር ማድረግ ይሻላል። መካከለኛ መጠን ላለው ድርጅት እንዲያውም የተለየ ወረፋ ላያስፈልግ ይችላል፤ ፖስትግሬስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ከቅጂ 9.5 ጀምሮ ሌላው የቆለፈውን ረድፍ ዘሎ ቀጣዩን የማንሣት ችሎታ ስላለው፣ ሠንጠረዡ ራሱ ወረፋ ሆኖ በሚገባ ያገለግላል።

ሁሉንም ስህተት በአንድ ዓይን አይቶ ደጋግሞ መሞከር

የአውታረ መረብ መቆራረጥ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይስተካከል ይሆናል፤ የተሳሳተ የኢሜይል አድራሻ ግን መቶ ጊዜ ቢሞከርም አይታረምም። ሁለቱን ሳይለዩ መድገም የማይሠራውን እያስደጋገመ የሚሠራውን ያዘገያል። ሳይድኪክ የሚባለው የወረፋ ሥራ ማስፈጸሚያ፣ ካልተነገረው በስተቀር፣ የወደቀን ሥራ ክፍተቱን እያሰፋ 25 ጊዜ ይሞክራል፤ ይህም ወደ ሦስት ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ ይወስዳል። «ነገ ጠዋት ስብሰባ አለዎት» የሚል ማስታወሻ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተሳክቶለት ቢደርስ፣ ከመቅረቱ ይልቅ መድረሱ ያሳፍራል። እያንዳንዱ የሥራ ዓይነት ትርጉም የሚኖረው እስከ መቼ እንደሆነ ተወስኖ፣ ከዚያ ካለፈ እንዲተው መደረግ አለበት።

ሙከራው ሁሉ አልቆበት የወደቀው ሥራ ወደ ተለየ ወረፋ ይሄዳል። ያ ወረፋ ግን ባለቤት ካልተመደበለት የሥራ መቃብር ነው። ኤስኪውኤስ መልእክትን የሚያቆየው ቢበዛ 14 ቀን ሲሆን፣ በስታንዳርድ ወረፋ ቀኑ የሚቆጠረው መልእክቱ ወደ ወደቁት ወረፋ ከተዛወረበት ሳይሆን መጀመሪያ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አየዋለሁ ያለ ሰው ባዶ ወረፋ አይቶ ችግር የለም ብሎ ሊሄድ ይችላል።

የጊዜ ሰሌዳን አቅልሎ ማየት

ክሮን የሚባለው ሥራን በጊዜ ሰሌዳ የሚያስነሣ ፕሮግራም ሰዓቱ ሲደርስ ያስጀምራል፤ ያለፈው ዙር ማለቁን አይጠይቅም። በየአሥር ደቂቃው የሚነሣ ማስታረቂያ ዳታው በዝቶ 15 ደቂቃ መፍጀት ከጀመረ፣ ሁለት ዙሮች በአንድ ሂሳብ ላይ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ፕሮግራሞችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስም ካልከለከሉት መደራረብን ይፈቅዳል። ሊነክስ ላይ ኤፍሎክ በሚባለው ትእዛዝ መቆለፍ ወይም ኩበርኔቲስ ላይ መደራረቡን መከልከል የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ብዙም የማይነገርለት ግን ሥራው «ትናንት» የሚለውን ቀን ከሰዓቱ ራሱ ሲያሰላ የሚፈጠረው ችግር ነው። የሌሊቱ የሽያጭ ሪፖርት ሰኞ ወድቆ ረቡዕ እንደገና ቢነሣ፣ የማክሰኞን ሽያጭ ይሰበስባል፤ የእሑዱ ሽያጭ ከሪፖርቱ ይቀራል፤ የማክሰኞው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይገባል። ቀኑ ሥራው ወረፋ ውስጥ ሲገባ ተወስኖ አብሮት መሄድ አለበት። ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ በሚያዘዋውሩ አገሮች ደግሞ፣ ሰዓቱ በሚዘዋወርበት ሌሊት፣ በተዘዋወረው ሰዓት ውስጥ የተቀጠረ ሥራ ሊዘለል ወይም ሁለት ጊዜ ሊነሣ ስለሚችል፣ ሰሌዳውን በማይዘዋወረው ዓለም አቀፍ ሰዓት (ዩቲሲ) መያዝ ይመረጣል። ሁሉንም ሥራ እኩለ ሌሊት ላይ መቅጠርም ዳታቤዙን በአንድ ቅጽበት ማጨናነቅ ስለሆነ ደቂቃዎቹን ማበታተን ይበቃዋል።

ስህተት ካልመጣ ሁሉም ሰላም ነው ማለት

አንድ ጊዜ በሠራሁበት ድርጅት የክምችት ማስታረቂያው በየሌሊቱ ይሠራ ነበር። ሥራው የተቀጠረው ባዘጋጀው ባለሙያ የግል የተጠቃሚ መለያ ነበር፤ ባለሙያው ሥራ ሲለቅ መለያው እንደ ደንቡ ተዘጋ፤ ሥራውም ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ሳይነሣ ቀረ። ማስጠንቀቂያ ነበረን፤ ነገር ግን የሚጮኸው ሥራው ተነሥቶ ሲወድቅ ብቻ ነበር። ያልተነሣ ሥራ ስለማይወድቅ፣ ያወቅነው በወሩ መጨረሻ መጋዘኑና መዝገቡ አልገጥም ሲሉ ነው። ያን ጊዜ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እያመሳከሩ ያመሹትን የመጋዘን ሠራተኞች ፊት እስካሁን አልረሳሁም።

ስለዚህ የጀርባ ሥራ ሁሉ የሚቀጠረው ለዚሁ በተከፈተ የሥርዓት መለያ እንጂ በሰው ስም አይሁን። የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የሆነውን ኤስኤፒን በመሰሉ ሥርዓቶች ይህ በጣም የተለመደ ወጥመድ ነው፤ በኤስኤም36 (በኤስኤፒ የሥራ መቅጠሪያ ገጽ) የተቀጠረ ሥራ የመነሻ ሁኔታ ካልተሰጠውና ካልተለቀቀ «የታቀደ» እንደሆነ እንደሚቀርና እንደማይነሣም ማስታወስ ያሻል፤ በኤስኤም37 (የሥራዎች መከታተያ ገጽ) ገብቶ ሁኔታውን ማየት ከዚህ ያድናል። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ግን ማስጠንቀቂያውን መገልበጥ ነው፤ ሥራው በተሳካ ቁጥር «ደህና ነኝ» የሚል ምልክት ይልካል፤ ምልክቱ በሰዓቱ ካልመጣ ውጭ ያለ ሌላ ሥርዓት ይጮኻል። ምልክቱም የተሠሩትን ረድፎች ብዛት ይያዝ፤ ሁልጊዜ በሺዎች የሚቆጠር ረድፍ የሚያስታርቅ ሥራ 0 ረድፍ ሠርቶ «ተሳክቷል» ካለ፣ ያ ስኬት አይደለም። ወረፋን ሲከታተሉ ከብዛቱ ይልቅ ከሁሉ ቀድሞ የገባው ሥራ ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ ማየት የተሻለ ይናገራል።

አስቸኳዩንና የማያስቸኩለውን በአንድ ወረፋ ማሰለፍ

የይለፍ ቃሉን ረስቶ መቀየሪያ ኢሜይል የሚጠብቅ ሰው ከዓመታዊ ሪፖርት ኋላ መሰለፍ የለበትም። ወረፋዎችን የሚለየው የሥራው ክፍል ስም ሳይሆን ሊጠበቅ የሚችለው ጊዜ ይሁን፤ በሰከንዶች፣ በደቂቃዎችና በሰዓታት የሚለኩ ሦስት ወረፋዎች ለየራሳቸው ወርከር ቢኖራቸው ለአብዛኛው ድርጅት ይበቃሉ።

አዲስ ኮድ ሲጫን ወረፋው ውስጥ ያለውን መርሳት

ኮድ ሲቀየር ወርከሮች ይቆማሉ። ኩበርኔቲስ በመጀመሪያ እንዲያቆሙ ይነግራቸዋል፤ ካልተቀየረ በስተቀር 30 ሰከንድ ጠብቆ በኃይል ያቆማቸዋል። ወርከሩ ማሳሰቢያውን ሰምቶ አዲስ ሥራ ማንሣት ካላቆመና የያዘውን ካልጨረሰ፣ እያንዳንዱ የኮድ ጭነት የተጀመሩ ሥራዎችን መቁረጫ ይሆናል። በተጨማሪም ወረፋው ውስጥ ያሉት ሥራዎች በአሮጌው ኮድ የተጻፉ ናቸው። አዲሱ ኮድ «የገንዘብ ዓይነት» የሚል መረጃ እንደ ግዴታ ከጠየቀ፣ ትናንት የገቡት ሥራዎች ሁሉ ይወድቃሉ። ለውጡ በሁለት እርምጃ ቢሄድ ይሻላል፤ መጀመሪያ መረጃው ባይኖርም የሚሠራ ኮድ ይጫናል፤ አሮጌዎቹ ሥራዎች፣ ለነገ የተቀጠሩትንና ለድጋሚ ሙከራ የሚጠብቁትን ጨምሮ፣ ካለቁ በኋላ ግዴታው ይጨመራል።

የሥራ መርሐ ግብር አስተዳዳሪውን ሶፍትዌር ራሱን ማደስ ከዚህም የከበደ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2012 በሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ግሩፕ የሌሊት ሥራዎችን በቅደም ተከተል የሚያስኬደው ሶፍትዌር ታደሰ፤ ችግር ሲታይ የባንኩ ባለሙያዎች ወደ ቀድሞው መለሱት፤ የመመለሱ ውጤት ግን አስቀድሞ አልተፈተነም ነበር፤ አዲሱና የቀድሞው ቅጂ አልተጣጣሙም። ከ6.5 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ተጎዱ፤ ሂሳባቸውን ማየትና ክፍያ መፈጸም ያቃታቸው ነበሩ። የብሪታንያ ተቆጣጣሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በባንኩ ላይ በድምሩ 56 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጣሉ። እድሳት የሚያቅድ ቡድን ወደ ኋላ መመለሱን በሙከራ ሰርቨር ላይ፣ ወረፋው በሥራ እንደተሞላ፣ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሠርቶ ማየት አለበት፤ ከመመለሱ በፊትም በወረፋው ውስጥ ያሉትን ሥራዎች ዝርዝር ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ፣ ከተመለሰ በኋላ የትኛው እንደተሠራና የትኛው እንደቀረ ከዚያ ዝርዝር ጋር እያመሳከረ ያረጋግጥ።