የዕጩ ገንዘብ ያዥ ልትሆኑ ነው? እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች አትድገሙ

ቅዳሜ ጠዋት ቡና እየቆላሁ ነበር። ከታች ፎቅ ያለው ልጅ በሩን አንኳኳ። በእጁ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዟል።

"እትዬ፣ የአንድ ዕጩ ገንዘብ ያዥ ሁን ብለውኛል። አንዴ አይተውልኝ ልፈርም።"

መነጽሬን ፈልጌ አየሁት። ከላይ የአዋጪዎች ስም ተደርድሯል። ከሥር ድምር አለ፤ 86 ሺህ ብር። ከድምሩ ሥር "ቆጥሬ ተረክቤያለሁ" ይላል።

"ቆጥረሃል?" አልኩት።

"አይ፣ ብሩ ሰውዬው ጋ ነው።"

ቡናው አረረ። እኔም አረርኩ።

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። ጡረታ እስክወጣ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። አሁን የእድራችንን መዝገብ እይዛለሁ፣ የብሎካችንን የጥበቃና የጽዳት መዋጮም እንዲሁ። በ2013ቱ ምርጫ ደግሞ የአንድ የግል ዕጩ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ነበር። ስሙን አልጠራም። ሰኔ 14 ተሸነፈ፣ ነገሩም በዚያው ተዳፈነ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የሌላ አገር ሰው ታሪክ ሳነብ ራሴን እያገኘሁ እደነግጣለሁ። ሰውየው ጆርጅ ሳንቶስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከኒውዮርክ ለአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የተመረጠው፣ ምክር ቤት ገብቶ ዓመት ሳይሞላው በ311 ለ114 ድምፅ የተባረረው። እሱ በዶላር ያደረገውን የኛው ሰውዬ በብር ሞክሮታል።

ሳይቆጥሩ መፈረም

የስህተቶች ሁሉ አውራ ይሄ ነው። ስንቴ እንደተናገርኩ! ለእድር ልጆች ተናግሬያለሁ፣ ለብሎክ ኮሚቴ ተናግሬያለሁ፣ ለገዛ እህቴ ልጅ ተናግሬያለሁ። አሁንም ወረቀት ይዘው ይመጣሉ።

ፊርማ ምስክርነት ነው። "ተረክቤያለሁ" ካላችሁ ተረክባችኋል። በኋላ "እኔ እንኳ ብሩን በዓይኔ አላየሁትም" ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ችግሩ ሂሳብ አለማወቅ አይደለም። ይሉኝታ ነው። ሰውዬው የሰፈር ሰው ነው፣ ሐዘናችን ላይ አብሮን አምሽቷል። "አላመንሽኝም እንዴ?" ሲል አንገታችንን ደፍተን እንፈርማለን። መቁጠር ማንን ሰደበ? ባንክ ስትሄዱ ልጅቷ ፊታችሁ ትቆጥራለች፣ እናንተም እዚያው ትቆጥራላችሁ። የተቀየመ ሰው አይቼ አላውቅም።

የሳንቶስን የሂሳብ ሪፖርት የምትይዘው ናንሲ ማርክስ የምትባል ሴት ነበረች። ሪፖርቱ ላይ ዕጩው ለገዛ ዘመቻው 500 ሺህ ዶላር አበደረ ተብሎ ተጻፈ። አቃቤ ሕግ እንዳለው ያን ጊዜ በባንክ የነበረው 8 ሺህ ዶላር እንኳ አይሞላም። ገንዘብ አዋጡ ተብለው ከተዘረዘሩት መካከል የሱና የራሷ ዘመዶች አሉበት። ዘመዶቹ የተባለውን ብር አልሰጡም። ይሄ ሁሉ ለምን ሆነ? ፓርቲው በሦስት ወር ውስጥ 250 ሺህ ዶላር ላሰባሰበ ዕጩ ድጋፍ እሰጣለሁ ብሎ ስለነበር። ቁጥሩ እዚያ እንዲደርስ ተደረገ።

ታዲያ ማን ቀድሞ ፍርድ ቤት ቆሞ ጥፋቱን አመነ? እሷ ናት፤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023። እሱ ያመነው በኦገስት 2024 ነው። በመሃል አሥር ወር ሙሉ ሲፎክር ከረመ። እርግጥ ማርክስ የተታለለች የዋህ አልነበረችም፣ አውቃ ነው የገባችበት። ግን ስታስቡት መዝገብ የያዘ ሰው ሁሌም ለመያዝ ቅርብ ነው። ፊርማው እዚያው ወረቀቱ ላይ አለ።

"ከኪሴ አውጥቻለሁ"

ይቺን ዓረፍተ ነገር ስትሰሙ እስክሪብቶአችሁን አስቀምጡ።

የኛው ሰውዬ ሚያዝያ ላይ ስብሰባ መሃል "እስካሁን ከኪሴ 180 ሺህ ብር አውጥቻለሁ፣ ብድር ብለሽ ያዢልኝ" አለኝ። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። ለሰፈሩ ንብረቱን የሰዋ ጀግና! እኔም ጻፍኩ። ስሊፕ የለ፣ ውል የለ፣ ምንም የለ። ብቻ ጻፍኩ።

ከዚያ መዋጮው መግባት ሲጀምር "ከብድሬ ላይ ትንሽ ስጪኝ" ማለት መጣ። አንዴ 40 ሺህ፣ አንዴ 35 ሺህ። አንድ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝና ተነስቼ እስከዚያ ቀን የወጣውን ደመርኩ። ባነር፣ ቲሸርት፣ የሞንታርቦ ኪራይ፣ ሚኒባስ ለሁለት እሑድ፣ ውሃና ቆሎ። ብትቆነጥሩት ብትዘረጉት 180 ሺህ አይሞላም። ግማሹም አይሞላም። ሳይበደር የተከፈለ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ጠየቅሁት። "እህቴ፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን" አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ምርጫው እስኪያልፍ ዝም አልኩ። "አሁን ብናገር የተቀናቃኝ መሣሪያ እሆናለሁ" ብዬ ራሴን አታለልኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ሥራው ቀላል ነበር። ዕጩው ካበደረ ብሩ በባንክ ይግባ። ስሊፑ ይምጣ። ሁለት ምስክር ያለበት ውል ይጻፍ። ሦስቱ ከሌሉ መዝገባችሁ ላይ "ብድር" የሚባል ቃል አይኑር።

ያማሩ ቁጥሮች

አሜሪካ ውስጥ ዘመቻው ከ200 ዶላር በላይ ሲያወጣ ደረሰኝ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። የሳንቶስ ሪፖርት ላይ ደግሞ 199 ዶላር ከ99 ሳንቲም የሚል ወጪ መዓት ነው። ሆቴል ቢሉ 199.99። የጣልያን ምግብ ቤት ደጋግሞ 199.99። አስቡት፣ አንድ ሰው ያለ አንድ ሳንቲም ስህተት ልክ እስከዚያ በልቶ ጠግቦ ይነሳል!

ይሄን ሳነብ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ተነስቼ ከቡፌው ሥር የድሮውን መዝገቤን አወጣሁ። እኛ ኮሚቴ ላይ "ከ500 ብር በላይ ያለ ደረሰኝ አይከፈልም" የሚል ደንብ አውጥተን ነበር። እኔው ነኝ ያስወጣሁት፣ ኮርቼበት ነበር። ገልጬ ሳየው፦ ትራንስፖርት 490። የስልክ ካርድ 495። "ልዩ ልዩ" 498። እንደገና ልዩ ልዩ 495። ያን ጊዜ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? "ልጆቹ ቆጣቢ ናቸው" ብያለሁ።

እውነተኛ ወጪ ዝብርቅርቅ ነው። አንዱ 37 ብር፣ አንዱ 1,260፣ አንዱ ደረሰኙ በዝናብ የረጠበ። ጣሪያ ስታበጁ ሁሉም ጣሪያው ሥር ከተጠጋጋ ደንቡን የሚያነብላችሁ ሰው አለ ማለት ነው። "ልዩ ልዩ" የሚባለውንም አምድ ቀዱና ጣሉት።

የዕጩው የግል ስልክ

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ነው፣ ምርጫው ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው። የኛ ሰው ወዲያው ተመዘገበና ቡና ላይ ለተሰበሰቡ እናቶች የራሱን ቁጥር አደለ። "ለባንክ ሰልፍ ከምትቆሙ" ብሎ። በዚያ መንገድ ስንት እንደገባ ዛሬም አላውቅም። ማንም አያውቅም፣ ከሱ በቀር።

ሳንቶስም እንዲሁ ወደ አንድ ኩባንያ ብር እንዲልኩ ሰዎችን አሳምኖ ነበር። ሁለት ሰዎች ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ መስሏቸው እያንዳንዳቸው 25 ሺህ ዶላር ሰጡ። ብሩ ለውድ ልብስና ለግል ዕዳው ዋለ። የለጋሾችን ክሬዲት ካርድ ቁጥር ይዞም ሳያስፈቅዳቸው ብር ሲወስድ ነበር። የምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ባወጣው ሪፖርት ላይ ለፊት ቦቶክስ፣ መጨማደድ ለሚያጠፋ መርፌ ማለት ነው፣ የተከፈለ የዘመቻ ብር ሳይቀር አለ። ለፊቱ! የኛ ሰውዬ ቢያንስ ፊቱን አልነካም።

አንድ የባንክ ሂሳብ ይከፈት። ለዚህ ሥራ ብቻ። ሁለት ሰው በጣምራ ይፈርምበት፤ አንደኛው ዕጩው አይሁን፣ የዕጩው ሚስትም አትሁን። በስክሪንሾት ደግሞ ደረሰኝ አትቁረጡ። ብሩ ሂሳቡ ላይ ሲታይ ነው ገባ የሚባለው።

"ስሜን አትጻፉት"

ይሄኛው ስህተት ከክፋት አይመጣም፣ ለዚህ ነው የምራራለት። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስለት ስናስገባ፣ መስጊድ ሰደቃ ስንሰጥ ስም አንናገርም። ቀኝህ የሰጠውን ግራህ አይወቅ ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ አንድ አባት 5 ሺህ ብር በፖስታ ሰጥተውኝ "ስሜ ይቅር ልጄ" ሲሉኝ እጃቸውን ስሜ ተቀበልኩ። መዝገብ ላይም "አንድ በጎ አድራጊ" ብዬ ጻፍኩ።

ስህተት ነው። የምርጫ ብር ስለት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ከውጭ ዜጋና ምንጩ ካልታወቀ ሰው የሚመጣ ገንዘብን ይከለክላል። "በጎ አድራጊ" ብላችሁ አንዴ በር ከከፈታችሁ ደግሞ በዚያው በር ማንም ይገባል። እኛ ጋ ሲያልቅ በጎ አድራጊዎቹ አሥራ ዘጠኝ ደርሰው ነበር። አባትዬው አንዱ ናቸው። አሥራ ስምንቱን እግዜር ይወቃቸው።

ስሙን ለመጻፍ ፈቃደኛ ላልሆነ ሰው ብሩን በአክብሮት መልሱለት። "ይጸልዩልን" በሉት።

"ከላይ ነው የምንደውለው"

አንድ ቀን የአስፋልቱ ዳር የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ባለቤት ቢሮ መጣና "ስንት ነው የታዘዝነው?" አለኝ። ማን አዘዘህ ብለው፣ "ከበላይ አካል ተደውሎልኝ ነው" አለ። የደወለው የኛው አስተባባሪ ሆኖ ተገኘ። የሳንቶስ ገንዘብ አሰባሳቢ ሳሙኤል ሚየል ደግሞ የአንድ ትልቅ የምክር ቤት መሪ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነኝ እያለ ለሀብታሞች ይደውል ነበር፤ እሱም ጥፋቱን አምኗል። ስልክ የሚደውሉላችሁን ልጆች አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ፣ አንድ ከሰዓት ይበቃል።

የእድር ብር አይነካም። ለቀብር ነው። ይሄን ማስረዳት አለብኝ?

መዝገቡን ዕጩው መኪና ውስጥ አታሳድሩ።

ያለ ዋስ መቅጠር

ለዘበኛ ዋስ እንጠይቃለን። ለቤት ሠራተኛ እንኳ ማን አመጣሽ እንላለን። ዕጩ ሲሆን ግን ፖስተሩ ላይ "ዶ/ር" ካለ በቃ፣ ዶክተር ነው። ሳንቶስ ባሩክ ኮሌጅ ተምሬያለሁ አለ፤ አልተማረም። ጎልድማን ሳክስና ሲቲግሩፕ የሚባሉ ትልልቅ ባንኮች ሠርቻለሁ አለ፤ አልሠራም። ያልገባበት ኮሌጅ የመረብ ኳስ ኮከብ ነበርኩ እስከማለት ደርሷል። ሀብቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ከምኔው እንዲህ ፈነዳ ብላ ከምርጫው በፊት የጠየቀች አንዲት ትንሽ የአካባቢ ጋዜጣ ነበረች። ሰሚ አላገኘችም። ትልልቆቹ የደረሱበት ሰውዬው ከተመረጠ በኋላ ነው። በዲግሪው የዋሸ በደረሰኝ አይዋሽም የሚል ካለ እኔ አልተገናኘሁትም።

ልጁ ይሄን ሁሉ ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ሁለተኛውን ቡና አፈላሁ፣ አላረረም። መጨረሻ ላይ "ታዲያ ሳንቶስ ታሰረ?" አለኝ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ሰባት ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደበት አልኩት። ሐምሌ ላይ ገባ። ኦክቶበር ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ቅጣቱን አንስተው ለቀቁት።

"ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም እኮ!"

"አልሞላውም።"

"ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ እትዬ?"

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ተነስቼ ከመሳቢያ ካርቦን ያለው፣ ተከታታይ ቁጥር የታተመበት የደረሰኝ ጥራዝ አውጥቼ ሰጠሁት። "ሂድና ፊትህ ይቁጠሩ" ብቻ አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። በረንዳ ላይ ቆሜ ሚኒባስ ውስጥ ሲገባ አየሁት።

ማታ ደወለ።

"እትዬ፣ ቆጠርን።"

"86 ሺህ ሆነ?"

"52።"

"አንተ ልጅ፣ ፈረምክ?"

"የ52ቱን" አለኝ።