የዕጢ ናሙና ለጂን ምርመራ እንዲበቃ፦ ከኦፕሬሽን ክፍል እስከ ፓራፊን ብሎክ

የጡት ካንሰር ያለባት ታካሚ ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒት ይታዘዝላት እንደሆነ የሚወሰነው ዕጢዋ ኸር-2 የተባለውን ፕሮቲን ከልክ በላይ ማምረቱ ሲረጋገጥ ነው። የሳንባ ካንሰር ታካሚ ኦሲመርቲኒብ የሚጀመርለት ደግሞ ኢጂኤፍአር በተባለው ጂን ላይ መድኃኒቱ የሚሠራበት ለውጥ ሲገኝ ነው። ሁለቱም መልሶች በአብዛኛው የሚገኙት ፎርማሊን በተባለ ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ቆይታ ፓራፊን የተባለ ሰም ከለበሰች (ብሎክ ከሆነች) ትንሽ ቁራጭ ነው። ቁራጯ በመንገድ ላይ ከተበላሸች የቱንም ያህል ውድ ማሽን ቢመጣ አይመልሳትም። ብዙው ጥፋት ደግሞ የሚደርሰው ናሙናው ላቦራቶሪ በር ላይ ሳይደርስ ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት

ዕጢው ደም ከተቋረጠበት ደቂቃ ጀምሮ ሴሎቹን የራሳቸው ኢንዛይም ይበላቸዋል። ቶሎ የሚጎዳው አርኤንኤ ነው፤ ዲኤንኤ ትንሽ ይታገሣል። ስለዚህ ከተቆረጠበት ጊዜ አንስቶ ፎርማሊን እስኪገባ ከ1 ሰዓት በላይ አይለፍ። ሳላይን (የጨው ውሃ) ውስጥ መንከር ፎርማሊን እንደማስገባት አይቆጠርም። በደረቅ ጎዝ የተጠቀለለ የመርፌ ባዮፕሲ (በመርፌ የተወሰደ ቁራጭ) ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ፎርማሊን እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ከሆነ፣ በትንሹ በረጠበ ጎዝ ሸፍኖ በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ማስቀመጥ ይሻላል። ፍሪዘር ውስጥ ግን ፈጽሞ አይግባ፤ በረዶው ሴሎቹን ይሰነጥቃቸዋል።

ፎርማሊኑን ማዘጋጀት

የሚፈለገው ገለልተኛ የሆነ፣ በፎስፌት የተመጠነ 10 በመቶ ፎርማሊን ነው። ለ1 ሊትር 4 ግራም ሞኖቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት ሞኖሃይድሬትና 6.5 ግራም ውሃ አልባ ዳይቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት በ900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ያሟሙ። ጨዎቹ ከሟሙ በኋላ ከ37 እስከ 40 በመቶ ጥንካሬ ካለው ፎርማልዴሃይድ 100 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። ፒኤቹ (የአሲድነት ልኬቱ) ወደ 7 መጠጋት አለበት። ጭሱ ዓይንና ሳንባ ስለሚጎዳ ሥራው አየር በሚስብ ካቢኔት ሥር ይሠራል።

ጨዎቹን ለመቆጠብ በውሃ ብቻ የሚቀጥን ቦታ አለ። እንዲህ ያለው ፎርማሊን ሲቆይ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይቀየራል፤ አሲዱም ዲኤንኤውን ይቆራርጠዋል፣ ስላይዱ ላይም ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል። ሌላው የተለመደ ስህተት «10 በመቶ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ዕቃ ገና ያልቀጠነ መስሎ እንደገና ማቅጠን ነው። በውስጡ ያለው ፎርማልዴሃይድ 4 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ዳግም በዚያው ልክ ሲቀጥን ከግማሽ በመቶ በታች ይወርዳል። በዕቃው ላይ «የቀጠነ» ወይም «ያልቀጠነ» ብሎ በትልቁ መጻፍ ይህን ያስቀራል።

ዕቃውና አቆራረጡ

የፎርማሊኑ መጠን ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን፤ ዕቃውም አፈ ሰፊ ይሁን። በሃይላንድ የተላከ ዕጢ ሲገባ ለስላሳ ነበር፤ ሲወጣ ግን ስለደረቀ ፕላስቲኩን ቀድዶ ማውጣት ይጠይቃል።

ፎርማሊን ወደ ሥጋ የሚዘልቀው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ደግሞ ይዘገያል። ሙሉ ጡት ሳይሰነጠቅ ባልዲ ውስጥ ካደረ ውጩ በስሎ ውስጡ ሊጥ እንደቀረ ዳቦ ይሆናል፤ ዕጢው ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ውስጡ ነው። በዚህ ምክንያት የኢስትሮጅን ተቀባዩ ሳይታይ ቀርቶ ታሞክሲፈን (ይህን ተቀባይ የሚያግድ መድኃኒት) ሊጠቅማት የሚችል ሴት «ኔጌቲቭ» ተብላ ልትታለፍ ትችላለች። መፍትሔው ጠርዞቹን በቀለም ምልክት ካደረጉ በኋላ ከጀርባ በኩል፣ ቆዳውን ሳይበጥሱ፣ በየ5 ሚሊ ሜትሩ መሰንጠቅና በስንጥቆቹ መሃል ጎዝ ማስገባት ነው። ማን እንደሚሰነጥቅ ቀዶ ሐኪሙና ፓቶሎጂስቱ አስቀድመው ይስማሙ።

ስምና የካርድ ቁጥር የሚጻፈው በዕቃው ገላ ላይ እንጂ በክዳኑ ላይ አይደለም። ክዳን ይቀያየራል። በመጠየቂያው ወረቀት ላይ ዕጢው የወጣበትና ፎርማሊን የገባበት ሰዓት ይስፈር። «3 ሰዓት» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ብሎኩ ውጭ አገር ሲላክ አንባቢው ጠዋት ይሁን ከሰዓት፣ በኛ ይሁን በፈረንጆች አቆጣጠር አያውቅም። ለቀኑም እንዲሁ የዘመን አቆጣጠሩን ይግለጹ።

ስንት ሰዓት ይቆይ?

ከ6 እስከ 72 ሰዓት። ቀጭን ባዮፕሲም ቢሆን ከ6 ሰዓት በታች አይበቃውም፤ ፎርማሊኑ ቶሎ ቢዘልቅም ከፕሮቲኑ ጋር የሚተሳሰረው ቀስ ብሎ ነው። ከ72 ሰዓት ሲያልፍ ትስስሩ ስለሚበዛ ዲኤንኤውን አላቅቆ ማውጣት ይከብዳል።

ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት የገባ ናሙና ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 64 ሰዓት ሆኖታል፤ ከ72 አላለፈም። በስቅለት ዋዜማ፣ ሐሙስ 10 ሰዓት የገባው ግን ሰኞ ጠዋት 88 ሰዓት ይሞላዋል። ለበዓል ሰሞን ተረኛ መድቦ፣ በ24ና በ48 ሰዓት መካከል ናሙናውን ወደ 70 በመቶ ኢታኖል ማዛወር ይበቃል።

አጥንት ለብቻው ነው። ናይትሪክ ወይም ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አጥንቱን ቶሎ ያለሰልሳል፤ ዲኤንኤውንም አብሮ ያጠፋዋል። አስቀድሞ በፎርማሊን ማቆየት፣ ከዚያ ቀናት ቢወስድም በገለልተኛ ኢዲቲኤ (ካልሲየምን ቀስ ብሎ በሚያወጣ ኬሚካል) ማለስለስ ይገባል። አጥንት ያልነካው ለስላሳ ክፍል ካለ ተለይቶ በሌላ ካሴት (የናሙና መያዣ) ይግባ።

ብሎኩን መቁረጥ

የሳንባ ባዮፕሲ ክር የምታህል ናት። ማይክሮቶሙ (ብሎኩን በስሱ የሚቆርጠው መሣሪያ) ላይ በተሰቀለች ቁጥር ፊቷን ለማስተካከል ሲባል ጥቂት ማይክሮን ይጣላል። በመጀመሪያው ቀን ለምርመራ የሚያስፈልገው ሲቆረጥ ቀለም ያልተቀባ 10 ስላይድ አብሮ ቢቆረጥ ይህ ብክነት ይቀራል። ሁለት ክር ከተወሰደ በሁለት ካሴት ይለዩ። ለኸር-2 የሚውል ስላይድ ግን ከ6 ሳምንት በላይ አይቀመጥ።

በየብሎኩ ምላጩን ወይም የምላጩን ቦታ ይቀይሩ፤ የተቆረጠው የሚንሳፈፍበትን የውሃ ባዝ ገጽም ይጥረጉ። ካለፈው ታካሚ የቀረች አንዲት ፍርፋሪ ዲኤንኤን በሚያባዛው ዘዴ፣ በፒሲአር፣ ስትባዛ የሌላውን ሰው ለውጥ ታሳያለች።

ፓቶሎጂስቱ ካንሰሩ ያለበትን ቦታ በእስክሪብቶ ከብቦ መቶኛውን ይጻፍ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከሴሎቹ 20 በመቶው ካንሰር ከሆነና ለውጡ ከሁለቱ የጂን ቅጂዎች በአንዱ ላይ ብቻ ካለ፣ ለውጡን የተሸከመው ዲኤንኤ 10 በመቶ ነው። ሳንገር የተባለው የዲኤንኤ ንባብ ዘዴ ይህን አያየውም፤ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይፈልጋል። የተከበበውን ብቻ በምላጭ ፍቆ ማውጣት ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታል።

አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል

ለኸር-2 የፕሮቲን ምርመራ ስላይዱ ከ95 እስከ 99 ዲግሪ ባለው መሟሟቻ ይሞቅ የሚል ኪት ብዙ ነው። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ክፍት ባዝ እዚያ አይደርስም፤ ቴርሞሜትሩን ሳያዩ በሰዓት ብቻ ከሠሩ ቀለሙ ይደክማል፣ 2+ (አጠራጣሪ) መሆን የነበረበትም 1+ (ኔጌቲቭ) መስሎ ፊሽ ለተባለው የጂን ማረጋገጫ ምርመራ ሳይላክ ይቀራል። የግፊት ድስት ይጠቀሙ፤ ጊዜውን ውጤታቸው በታወቀ ብሎኮች ላይ ሞክረው ይወስኑ፤ በየስላይዱም ላይ አዎንታዊ መቆጣጠሪያ ቁራጭ አይጥፋ።

ውጤቱ ሲያጠራጥር

ፎርማሊን ሳይቶሲንን (ከዲኤንኤ ፊደላት «ሲ» የሚባለውን) ወደ ዩራሲል ይቀይራል፤ ማሽኑም ቲ ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ ከ5 በመቶ በታች የሆነ የሲ ወደ ቲ ለውጥ ከአሮጌ ብሎክ ሲገኝ ወዲያው አይመን። ዲኤንኤውን ከፒሲአር በፊት ዩራሲል በሚያስወግድ ኢንዛይም አክሞ መድገም ይገባል። ፒሲአሩ ጭራሹን አልሠራ ካለ ደግሞ የሚባዛውን ርዝመት ከ150 ቤዝ በታች ማሳጠር ይሞከር፤ የብሎክ ዲኤንኤ የተቆራረጠ ነው።

ቁራጩ ካለቀ ደም አለ። በኢዲቲኤ ቱቦ የተቀዳ ደም በ4 ሰዓት ውስጥ ፕላዝማው (ፈሳሹ ክፍል) ተለይቶ ፍሪዘር ይገባል፤ ከዘገየ ነጭ የደም ሴሎች ሲፈነዱ የራሳቸው ዲኤንኤ የዕጢውን ያጥለቀልቀዋል። ሄፓሪን (የደም መርጋት የሚከለክል መድኃኒት) ያለበት ቱቦ ፒሲአርን ስለሚያግድ አይሆንም። በፕላዝማ ላይ ለውጡ ከታየ ሕክምና ለመጀመር ይበቃል። ካልታየ ግን ዕጢው በቂ ዲኤንኤ ወደ ደም አላፈሰሰም ማለትም ሊሆን ስለሚችል፣ ታካሚው ከቻለ ባዮፕሲው ይደገማል።