ሄተሩ እየበራ ቤቱ የማይሞቀው ለምንድን ነው? የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምርጫ ችግርና መፍትሄ ለጎንደር ቤቶች

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ፣ ቀን ፀሐዩ አናት ቢበሳም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ጀንበር እንደጠለቀች ብርዱ ቤት ውስጥ ይገባል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ብርዱ ከእርጥበት ጋር ተዳብሎ ይመጣል። እኔ በዚህችው ከተማ የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር በመዘርጋትና በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ፤ በእነዚህ ወራት ከሚደርሱኝ ጥሪዎች ብዙዎቹ «ሄተሩ አልሠራ አለ» የሚሉ ናቸው። ሄጄ ስፈትሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሄተሩ ደህና ነው፤ ችግሩ ለክፍሉ የማይስማማ ዓይነት መገዛቱ፣ ወይም ጭነቱን በማይችል ገመድ ላይ መሰካቱ ነው።

ወደ ምልክቶቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በጋለ ሽቦ ወይም በዘንግ የሚያሞቅ ማንኛውም ሄተር፣ ርካሽም ይሁን ውድ፣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ከበላ የሚሰጠው ሙቀት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ 1500 ዋት የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሁለት ሄተሮች የሚያመነጩት ሙቀት እኩል ነው፤ «በትንሽ መብራት ብዙ ይሞቃል» ተብሎ የሚሸጠውን ማመን አይገባም። ልዩነታቸው ሙቀቱ ለማን እንደሚደርስ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚደርስና ከጠፋ በኋላ ምን ያህል እንደሚቆይ ላይ ነው። ከዚህ ሕግ የሚወጣው ማሞቅም ማቀዝቀዝም የሚችለው ኤር ኮንዲሽነር ብቻ ነው፤ እርሱ ሙቀት ከመፍጠር ይልቅ ከውጪው አየር ሙቀት እየሰበሰበ ስለሚያስገባ፣ ከበላው ኤሌክትሪክ ሦስት እጥፍ ያህል ሙቀት ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን መግዣውና መግጠሚያው ውድ ስለሆነ፣ በዓመት ለጥቂት ወራት ብርድ ብቻ የሚገዛውን ሰው አላበረታታም።

ፊት ይቃጠላል፣ ጀርባ ይበርዳል

አዘዞ አካባቢ አንዲት እናት ጠርተውኝ ነበር። በቀይ የሚግል ሁለት ዘንግ ያለው ሄተር ከአልጋቸው ትይዩ አስቀምጠዋል። «ልጄ፣ ፊቴን ይለበልበኛል፤ ጀርባዬ ግን በረዶ ነው። ይሄ ነገር ተበላሽቷል መሰለኝ» አሉኝ። ሄተሩ አልተበላሸም። የዚህ ዓይነት ሄተር እንደ ፀሐይ በጨረር የሚያሞቅ ስለሆነ፣ ጨረሩ ያረፈበትን አካልና ዕቃ እንጂ የክፍሉን አየር ብዙም አያሞቅም፤ ከፊቱ ዞር ሲሉ ሙቀቱ ይቀራል፣ ሲያጠፉትም ወዲያው ይበርዳል።

ቀዩ ሄተር ግን የራሱ ቦታ አለው። ጣሪያው ከፍ ባለ ወይም በሩ በሚከፈትና በሚዘጋ ክፍል፣ ለምሳሌ በሱቅ ውስጥ፣ አየሩን ለማሞቅ መድከም ከንቱ ስለሆነ፣ አንድ ቦታ የሚቀመጠውን ሰው ራሱን ማሞቅ ይሻላል። ለአጭር ጊዜ ንባብም ሆነ ሕፃን አጥቦ ለማልበስ የሚስተካከለው የለም። ለመኝታ ክፍል ግን፣ ይልቁንም ለአረጋውያን፣ ሸንተረር ሸንተረር ያለው ዘይት የተሞላ ሄተር ይመረጣል። ለመሞቅ እስከ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም ክፍሉን በእኩል ያሞቃል፤ ቴርሞስታቱ (ሙቀቱ የተፈለገው ልክ ላይ ሲደርስ የሚያቋርጠው መቆጣጠሪያ) ሲያቋርጠውም በውስጡ ያለው ዘይት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ስለማይጮኽና ብርሃንም ስለሌለው እንቅልፍ አይረብሽም። ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚሰማው «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ብረቱ ሲለጠጥና ሲኮማተር የሚሰጠው እንጂ ብልሽት አይደለም። ለእኚህ እናት 1500 ዋት የሆነውን አስገዝተን፣ ከመተኛታቸው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲበራ፣ ከጋቢና ከመጋረጃም ቢያንስ አንድ ሜትር እንዲርቅ አድርገን ተስማማን።

ነፋስ የሚነፋው ትንሹ ሄተር በሁለቱ መካከል ይቆማል። ትንሽ ክፍልን በደቂቃዎች ውስጥ ያሞቃል፤ ነገር ግን ይጮኻል፣ አቧራ ያነሣል፣ እንደጠፋም ክፍሉ ይበርዳል።

ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ቢያድርም ክፍሉ አይሞቅም

ይህን ቅሬታ የሚያቀርብልኝ ሰው በአብዛኛው የሚጠይቀኝ ትልቅ ሄተር ይግዛ እንደሆነ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ቀና ብዬ ጣሪያውን አያለሁ። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣና ቆርቆሮ ሙቀትን ጨርሶ ስለማይከለክል፣ ኮርኒስ የሌለው ቤት ሄተሩ የሰጠውን በአናቱ በኩል ለሰማይ ይመልሰዋል። ሻካራ ስሌት ላቅርብ፦ 3 በ4 ሜትር የሆነች ክፍል፣ ውጪው 10 ዲግሪ ሆኖ ውስጧ 20 ዲግሪ እንዲሆን ቢፈለግ፣ በባዶው ቆርቆሮ በኩል ብቻ 800 ዋት ያህል ሙቀት ያለማቋረጥ ይፈሳል። ይህ የአንድ መካከለኛ ሄተር ከግማሽ የሚበልጥ ኃይል ነው፤ ግድግዳው፣ መስኮቱና በሩ ገና አልተቆጠሩም። ኮርኒስ ቢመታ በጣሪያው የሚወጣው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ከበሩ ሥር የምትታየው አንድ ሴንቲ ሜትር ክፍተትም በ80 ሴንቲ ሜትር በር ላይ ስትደመር፣ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ በግድግዳ ላይ እንደ መብሳት ናት፤ ጨርቅ ጠቅልሎ መድፈን ወጪ የለውም።

ስለዚህ ኮርኒስ ለሌለው ቤት ምክሬ ሁለተኛ ሄተር ሳይሆን ኮርኒስ ነው። ኮርኒሱ ለጊዜው የማይቻል ከሆነ አየሩን የሚያሞቅ ዓይነት ትቶ፣ ሰውየውን በቀጥታ የሚያሞቀውን ቀዩን መውሰድ ይሻላል።

በፒያሳ ዙሪያ በጣሊያን ዘመን እንደተሠሩት ባሉ ግድግዳቸው ወፍራም በሆኑ ቤቶች ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ወፍራም ግድግዳ ብዙ ሙቀት ጠጥቶ ነው የሚሞቀው፤ ስለዚህ ሰው ሲገባ ለአንድ ሰዓት በሚበራ ሄተር ክፍሉ አይሞቅም። እዚያ ዘይት የተሞላውን ዝቅ አድርጎ ለረጅም ሰዓት ማብራት ወይም በቀዩ ሰውየውን ብቻ ማሞቅ ነው ያለው አማራጭ።

ቀን ይሞቃል፣ ማታ ይደክማል

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም እራት ሲያበስል አምፖሉ ከደበዘዘ ሄተሩም አብሮ ይደክማል። ምክንያቱ የቮልቴጅ መውረድ ነው፤ የሄተር ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል። ለ220 ቮልት የተሠራ 2000 ዋት ሄተር 180 ቮልት ሲደርሰው ወደ 1340 ዋት ዝቅ ይላል፤ 160 ቮልት ላይ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ባለሙያ ጠርቶ ሄተሩ በርቶ ሳለ መጀመሪያ ቆጣሪው ዘንድ፣ ቀጥሎ ሶኬቱ ላይ ቮልቴጁን በቴስተር ማስለካት ያስፈልጋል። ቆጣሪው ላይም ከወረደ ችግሩ ከውጪው መስመር ስለሆነ ለመብራት ኃይል ማመልከት ነው። ቆጣሪው ላይ ደህና ሆኖ ሶኬቱ ላይ ከወረደ ግን ጥፋቱ በቤቱ ውስጥ ባለው ቀጭን ወይም ቁርጥራጩ እየተያያዘ በተቀጠለ ገመድ ነው፤ ይህ ደግሞ የእሳት ምልክት ስለሆነ አያሳድሩት። ለቴሌቪዥን የተገዛ ስታቢላይዘር ላይ ሄተር መሰካት መፍትሄ አይሆንም፤ ስታቢላይዘሩ ራሱ ይቃጠላል።

ፕላጉ ይግላል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል

ስለዚህ ምልክት ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ከሌሎቹ ብዙዎቹ ብርድና ብር የሚያስከፍሉ ሲሆኑ ይህ ሕይወት የሚያስከፍል በመሆኑ ነው። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ማራኪ አካባቢ ከአንድ ቤት የነቀልኩት ፕላግ እስከ ዛሬ በመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ አለ። አንደኛው እግሩ አዲስ እንደሆነ ነው፤ ሌላኛው ከሥሩ ጠቁሯል፣ በዙሪያው ያለው ነጭ ፕላስቲክም እንደ ጧፍ ሰም ቀልጦ ወደ ጎን ፈሶ ደርቋል። ቤተሰቡ ሽታውን ለሁለት ሳምንት ሲሸቱት «አዲስ ዕቃ ስለሆነ ነው» እያሉ አልፈውታል።

አዲስ ሄተር በእርግጥ ይሸታል፤ ነገር ግን ያ ሽታ ከሄተሩ አካል የሚወጣ ሲሆን ከጥቂት ሰዓታት አገልግሎት በኋላ ይጠፋል። ከሶኬቱ በኩል የሚመጣና የሚደጋገም ሽታ ግን ልል ግንኙነት አለ ማለት ነው። 2000 ዋት ሄተር 9 አምፔር ያህል ይስባል። ፕላጉ ከሶኬቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላልቶ ግማሽ ኦም ብቻ መቋቋም ቢፈጠርበት፣ በዚያች የሽምብራ ፍሬ በምታህል ነጥብ ላይ 40 ዋት ሙቀት ይከማቻል። ሄተር ደግሞ እንደ ካውያ ለጥቂት ደቂቃ ሳይሆን ለሰዓታት የሚበራ በመሆኑ፣ ሙቀቱ የሚበርድበት ጊዜ አያገኝም።

ሄተሩ ከበራ ግማሽ ሰዓት ሲሆነው አጥፍታችሁ ፕላጉን ነቅላችሁ ዳስሱት። ለብ ማለቱ ያለ ነው፤ እጅ የማያስቆይ ከሆነ ግን ሶኬቱም ፕላጉም መቀየር አለባቸው፤ የጠቆረውን ፈግፍጎ መመለስ ችግሩን ለሳምንት ከመሸሸግ አያልፍም። አዲሱ ሶኬት ለ16 አምፔር የተሠራና በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ የተዘረጋ ይሁን፤ ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ገመድ ላይ ሶኬት መቀጠል አይገባም። ሄተር ዲቫይደር ላይ አይሰካም። ግድ ከሆነ እንኳ ወፍራም ገመድ ያለው፣ ሌላ ዕቃ ያልተሰካበት፣ ምንጣፍ ያልተነጠፈበትና ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ ይሁን፤ የተጠቀለለ ገመድ የራሱን ሙቀት ማስወጣት ስለማይችል ከመሃሉ ይቀልጣል።

ብሬከሩ ይወርዳል

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ሲስብ ብቻውን 16 አምፔር ይወስዳል፤ ሄተሩ ሲጨመርበት 25 አምፔር ይደርሳል። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ሄተሩን ማጥፋት እንጂ ብሬከሩን በትልቅ መቀየር መፍትሄ አይደለም። ብሬከሩ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ገመዱ ሳይቀየር ብሬከር ማሳደግ ጠባቂውን ማሰናበት ነው። በፊውዝ ቦታ ወፍራም ሽቦ ማሰርም ያው ነው።

በራሱ ይጠፋል፣ ወይም ጭራሽ አይበራም

ብዙ ሄተሮች ሲወድቁ የሚያጠፋ ቁልፍ ከሥራቸው አላቸው። ወለሉ ወጣ ገባ ከሆነ ወይም ወፍራም ምንጣፍ ላይ ከቆመ ቁልፉ አይጫንም፤ ሄተሩም አይበራም። ወደ ጥገና ከመውሰድ በፊት ለጥ ባለ ቦታ አቁሞ መሞከር ነው። በርቶ ቆይቶ የሚጠፋው ደግሞ ልብስ እንዲደርቅ ተሰጥቶበት ወይም አቧራ ደፍኖት ከልክ በላይ ስለጋለ ይሆናል።

ሲነኩት ይነዝራል

የብረት አካል ያለው ሄተር ሲነካ ከነዘረ፣ በዚያው ቅጽበት በብሬከሩ አጥፍቶ መንቀል ያስፈልጋል። ውስጡ የተላጠ ሽቦ አለ፤ ቤቱም ወደ መሬት የሚወስድ የኧርዝ መስመር የለውም፣ ወይም ሦስተኛው መስመር በሁለት እግር ፕላግ ተቆርጦ ቀርቷል። በቀድሞ ቤቶች ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። የኧርዝ ዘንግ አስቀብሮ ከሶኬቶቹ ጋር ማገናኘትና 30 ሚሊ አምፔር ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ መሬት ሲፈስ የሚቆርጥ መከላከያ በማከፋፈያ ሣጥኑ ላይ ማስገጠም ይገባል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንቀሳቃሽ ሄተር አይገባም።

ጠዋት ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠባል፣ ግድግዳው ይሻግታል

ዝናብ ሳይጥል ቆርቆሮው የሚያልበው የትንፋሹ፣ የወጡና የቡናው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ወደ ውኃ ስለሚለወጥ ነው። ሄተር ብቻውን ይህን አያድንም። እንፋሎቱ እንዲወጣ ምግብ በሚበስልበት ጊዜ መስኮት መክፈት፣ ለክረምቱም ዝቅ ተደርጎ ረጅም ሰዓት የሚበራ ዘይት የተሞላ ሄተር መጠቀም ይረዳል፤ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቃጥለው ነፋሻ ሄተር ግድግዳውን ስለማያሞቅ ሻጋታውን አያቆመውም።

የመብራት ካርድ ቶሎ ያልቃል

1500 ዋት ሄተር በሌሊት ለ4 ሰዓት በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ 6 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን የሚጨምር ስለሆነ፣ ይህ ጭማሪ ቤተሰቡን ከዝቅተኛው ዋጋ ወደ ላይኛው ያሻግረዋል። ቴርሞስታቱን ከጫፍ ወደ መካከል መመለስና የሚተኙበትን አንድ ክፍል ብቻ ዘግቶ ማሞቅ ካርዱ ላይ ወዲያው የሚታይ ለውጥ ያመጣል።

መብራት ሲጠፋ

በዚህ ጊዜ ብዙ ቤት የሚደረገውን አውቃለሁ፤ ቡና ከተፈላበት ምድጃ የተረፈው ፍም መኝታ ክፍል ይገባል፣ በሩም ይዘጋል። የከሰል ጢስ ባይታይም ፍሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ፍም በር ተዘግቶ ወደሚተኛበት ክፍል በጭራሽ አይግባ። ብርዱን በተጨማሪ ጋቢና በሙቅ ውኃ በተሞላ፣ ክዳኑ በደንብ በተዘጋና በጨርቅ በተጠቀለለ ጠርሙስ ማለፍ ይቻላል። ሄተሩም መብራት በጠፋ ጊዜ ከሶኬቱ ተነቅሎ ይቆይ፤ ሌሊት ሁሉም ተኝቶ መብራቱ ሲመለስ፣ በጨለማ የተጣለ ልብስ ሄተሩ ላይ ወድቆ ሊሆን ይችላል።