በዊንዶውስም በሊኑክስም እኩል የሚቆጥር የፓስካል ታይመር፦ ችግርና መፍትሔ

ፒያሳ ውስጥ ኮምፒውተር በሰዓት ለሚያከራይ አንድ ቤት የሂሳብ ፕሮግራም በላዛረስ (በፓስካል ቋንቋ ፕሮግራም መጻፊያ መሣሪያ) ጽፌ ነበር። ከማሽኖቹ ግማሾቹ ዊንዶውስ፣ የቀሩት ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት) ስለነበሩ ቆጣሪው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ውጤት መስጠት ነበረበት።

መጀመሪያ የታየው ችግር ደንበኛው 1 ሰዓት ሙሉ ተጠቅሞ ቆጣሪው 57 ደቂቃ ማሳየቱ ነው። ምክንያቱ ቲታይመር የተባለው የላዛረስ ታይመር በየ1000 ሚሊሰከንዱ በተነሣ ቁጥር በአንድ ተለዋዋጭ ላይ 1 እንዲደመር ማድረጌ ነበር። ዊንዶውስ የታይመርን መልእክት ከሌሎች መልእክቶች ኋላ ስለሚያስቀምጠው፣ ዋናው ትሬድ (የፕሮግራሙ ዋና የሥራ መስመር) ደረሰኝ ሲያትም ወይም ፋይል ሲጽፍ ከቆየ ያመለጡት መልእክቶች ተጠራቅመው አይደርሱም፤ የሚደርሰው አንድ ብቻ ነው። መፍትሔው ታይመሩን ለመቀስቀሻ ብቻ ተጠቅሞ ልኬቱን ማሽኑ ከተነሣ ጀምሮ ያለፈውን ሚሊሰከንድ ለሚሰጠው ፈንክሽን ለጌትቲክካውንት64 መተው ነው፦ ደንበኛው ሲቀመጥ ዋጋው ይመዘገባል፣ ከዚያ በኋላ ከአሁኑ ዋጋ ላይ የመነሻው ይቀነሳል። ታይመሩን በየ1 ሚሊሰከንዱ እንዲነሣ ማዘዝ አይረዳም፤ የዊንዶውስ ዝቅተኛው ገደብ 10 ሚሊሰከንድ ነው።

ሁለተኛው ችግር ብዙ ያደከመኝ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የደንበኞቹ ሁሉ ቀሪ ጊዜ በድንገት በ6 ሰዓት ጨመረ። ኮዱን ደጋግሜ ባየውም ስሕተት አጣሁበት፤ ለካ አስተናጋጁ የኮምፒውተሩ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር እንዲነበብለት 14፡00 የሚለውን 8፡00 አድርጎት ኖሯል። እሱን መውቀስ አይገባም፤ ጥፋቱ ወደ ጌትቲክካውንት64 ከመዞሬ በፊት የኮምፒውተሩን ሰዓት የሚያነበውን «ናው» የተባለውን ፈንክሽን ለልኬት የተጠቀምኩት የእኔ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም፣ የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀበት ማሽን በተሳሳተ ቀን ይነሣና ኢንተርኔት ሲያገኝ ሰዓቱ ይዘላል። ጌትቲክካውንት64 እነዚህ ለውጦች አይነኩትም። ለአስተናጋጁ የኢትዮጵያን ሰዓት ማሳየት ካስፈለገ 6 ሰዓቱ የሚቀነሰው በማሳያው ላይ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ይህ ቆጠራም ከዜሮ ይጀምራል። በፋይል የተቀመጠው አሮጌ መነሻ ከአሁኑ ዋጋ ስለሚበልጥ፣ ከዜሮ በታች ቁጥር መያዝ በማይችለው ኪውወርድ በተባለው የቁጥር ዓይነት ሲቀነስ ውጤቱ የማይታመን ግዙፍ ቁጥር ይሆናል። ስለዚህ በየደቂቃው መቀመጥ ያለበት እስካሁን ያለፈው ጊዜ እንጂ መነሻው አይደለም። የጌትቲክካውንት የ32 ቢቱ አሮጌ ቆጣሪ ደግሞ በ49.7 ቀን ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ በእኛ ሰፈር መብራት ያን ያህል ሳይጠፋ አይሰነብትም፣ በባትሪ የሚሠራው ሰርቨር ግን ይደርስበታል።

መስኮት በሌለው የሊኑክስ ሰርቨር ፕሮግራም ላይ ቲታይመር ጭራሽ አይነሣም፤ የመስኮት ሥርዓቱን የመልእክት ዑደት ይፈልጋልና። በእሱ ፈንታ መስኮት የማይፈልገው ታይመር ቲኤፍፒታይመር ይገባል። ፕሮግራሙ በስሕተት 232 ከቆመ፣ በሊኑክስ ላይ ትሬዶችን የሚያስችለው ሲትሬድስ የተባለው ዩኒት (የኮድ ክፍል) በዋናው ፕሮግራም የዩዝስ ዝርዝር (የሚጠቀምባቸው ዩኒቶች ዝርዝር) ውስጥ አንደኛ ሆኖ አልተጻፈም ማለት ነው። እሱ ተስተካክሎም ታይመሩ ዝም ካለ፣ ዋናው ትሬድ ከሌሎች ትሬዶች የመጡ ጥሪዎችን የሚያስፈጽመውን ቼክሲንክሮናይዝን በዑደት ውስጥ እየጠራ መሆኑ ይታይ።

በመጨረሻ፣ ላፕቶፕ ሲያንቀላፋ የዊንዶውሱ ጌትቲክካውንት64 የእንቅልፉን ጊዜ ይቆጥራል፣ የሊኑክሱ አይቆጥርም። እኔ በኡቡንቱዎቹ ላይ እንቅልፍን አጥፍቼዋለሁ።